ዝናብ ያልነበረበት እሑድ

ጸጋዘኣብ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከአንገቱ የማትለየው የልብ መድኃኒት መርጫው ኩሽና ውስጥ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበረች። ያለ ምርኩዝ የማይቆም ሽማግሌ እዚያ ሊሰቅላት አይችልም። በዚያ እሑድ ጠዋት ቤቱ ውስጥ የነበረችው ተንከባካቢው ኖላዊት ብቻ ስለሆነች ፖሊስ እሷን ጠረጠረ። ሰኞ ክስ ይመሠረትባታል ተባለ።

ጠበቃዋ ወይዘሮ እጅጋየሁን ላከላት። እጅጋየሁ ድሮ አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን ሲያትል ውስጥ ሶዶ በሚባል ሰፈር ካለ ትንሽ ቢሮ ለጠበቆች ትመረምራለች። ሐሙስ ዕለት በከተማዋ ሰሜን፣ ኖርዝጌት ወደሚገኘው የሟቹ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

«መርጫዋን ጠዋት በእጄ አንገታቸው ላይ አጠለቅኩላቸው» አለች ኖላዊት። «ከዚያ ልብሳቸውን ይዤ ቤዝመንት ወዳለው ላውንድሪ ወረድኩ። ስመለስ...»

«ስትወጪ ምን ያደርጉ ነበር?»

«በረንዳው ላይ ነበሩ። በሩን ስዘጋ ‹ሬን› ብለው ሲስቁ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ ዝናብ ሊዘንብ ነው ያሉ መሰለኝ።»

እጅጋየሁ ወደ በረንዳው ወጣች። የአበባው አፈር ተሰነጣጥቋል። ሲያትል ነሐሴን ሙሉ ጠብ አላለባትም። ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ደብተር ገለጥ ገለጥ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጸጋዘኣብ የምጽዋ መርከበኛ ነበር። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው፣ ‹ማን› በምትባል ደሴት ሃያ ዓመት ኖሮ፣ አግብቶ፣ ሚስቱን እዚያው ቀብሮ ነው ሲያትል የገባው። ስትሞት አደራ ያለችው ቋንቋዋን፣ ማንክስን ነበር። እሱም በየቅዳሜው ለሁለት ሰዎች ያስተምር ነበር፤ ለባለ ታክሲው ለፍስሐና ለአርባ ዓመት ወዳጁ ለፍቅረ ሥላሴ። ተማሪ መያዣው ሎተሪ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቲኬት ይገዛል፤ ጨዋታው ሁሉ ስለ ዕጣው ይሆናል።

እጅጋየሁ ፍስሐን ታክሲው ውስጥ አገኘችው።

«ሶ፣ እኔ የያዝኳት ‹ኾስኒን› የምትለዋን ብቻ ነው፤ ዕጣ ባወጣ ኖሮ እንደማለት ነው። ‹ኸ› የኛ ናት፣ ፈረንጅ ጉሮሮው አይችላትም እያሉ ጋሼ ይኮሩባት ነበር። ‹ዬስ› ካልኩ ግን ይቆጡኛል። ማንክስ ‹አዎ› የሚባል ቃል የለውም። የተጠየቅሽበትን ግስ መልሰሽ ትያለሽ።»

«ያለፈው ቅዳሜስ?»

«ሚስ አደረግኩ። ኤርፖርት ነበርኩ።»

«‹ሬን› ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነዋ» ብሎ ሳቀ። «ለዚህ ደግሞ አስተማሪ ያስፈልጋል?»

ፍቅረ ሥላሴ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ዴ ሞይን በሚገኘው ቤቱ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ ተቀበላት።

«ወንድሜ ነበር፤ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ» አለ። «እሑድ ከዚህ ቤት አልወጣሁም፣ እህቴ። ከቅዳሜ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ።»

«ኖላዊት ‹ሬን› ሲሉ ሰምታቸዋለች።»

«ስለ ዝናብ ይሆናላ። ሲያትል አይደል?»

ዓርብ ሁሉም ጸጋዘኣብ ቤት ተሰበሰቡ። የፖሊሱ መርማሪ አብርሃም በሩ አጠገብ ቆመ። እጅጋየሁ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እሑድ ዝናብ አልነበረም» አለች። «ስለዚህ ሟቹ ስለ ዝናብ አላወሩም። ደብተራቸው ውስጥ የመጨረሻው ትምህርት በፊደላችን ከነትርጉሙ ተጽፏል፦ ‹ሬን ኡ ኮስነ?› ማሸነፍ አደረግህ? ዕጣ አወጣህ? ማለት ነው። መልሱም ‹ሬን›፤ አደረግሁ። ፍስሐ፣ አንተ ‹ሚስ አደረግኩ› እንደምትለው መሆኑ ነው።»

ፍስሐ ግንባሩን ያዘ።

«እንግዲህ መልስ ካለ ጠያቂ አለ። ከበረንዳው ሥር የቆመ ሰው በማንክስ ጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው መልሰዋል። ኖላዊት ቋንቋውን አታውቅም። ፍስሐ የዚያን ቀን ትምህርት አምልጦታል፤ ደብተሩ ላይ ‹ቀሪ› ተብሏል። ሁለታችሁንም ስጠይቃችሁ ‹ዝናብ› አላችሁኝ። የፍስሐ አለማወቅ ነው። እርስዎ ግን፣ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ፣ ቅዳሜ ሙሉ ከሳቸው ጋር የተለማመዱትን ቃል ለምን ዝናብ አደረጉት?»

ፍቅረ ሥላሴ አብርሃም ወደቆመበት በር ተመለከተ።

«ኖላዊት በኋለኛው ደረጃ ስትወርድ እርስዎ በፊት ለፊቱ ወጡ። ዕጣ የወጣለትን ቲኬት ሲወስዱባቸው ልባቸው ያዛቸው። መርጫዋን ከአንገታቸው አውልቀው፣ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ሰቀሉባቸው።»

«አንገቱ ላይ ያጠለቀችው እሷ ናት፤ እሷው ታውቃለች» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

ኖላዊት ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ለቅሶው ላይ አቅፈውኝ አልነበረም? ‹አይዞሽ፣ አንቺ እንዳላደረግሽው እኔ አውቃለሁ› አላሉኝም?»

እሱ ፊቱን አዞረ። እጅጋየሁ ደብተሩን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀምጣ፣ ‹አደረግህ?› የሚለውን ብቻ ቀስ ብላ አነበበች።

«ሬን ኡ?»

«ኻ...» ብሎ ጀመረ። ‹ኻ ሬን›፣ አላደረግሁም፣ ሊል ነበር። ጓደኛው የሚኮራባት ፊደል ጉሮሮው ላይ ቀረች። ከዚያ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የታጠፈ ቲኬት አውጥቶ ደብተሩ ላይ አስቀመጠ።

«ሬን» አለ።

አብርሃም እስክሪብቶውን አነሣ። «አዎ ብዬ ልጻፍ?»

«‹አዎ› የሚል ቃል የላቸውም» አለች እጅጋየሁ። «‹አደረግሁ› ብለህ ጻፍ።»