የነቢዩ ሞርዴክ ድምፅ

ሎዌል ሃርጌት የሞተው ቡርባንክ ውስጥ በሚገኝ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ፣ ግድግዳዎቹ በወፍራም ስፖንጅ በተለበጡ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪ ማርጎ ቴኖሪዮ ስትደርስ አስከሬኑ ከማይክሮፎኑ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ከንፈሩ አብጧል፤ አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል። አጠገቡ ግማሹ የተበላ የአረንጓዴ ፖም ቁራጭ ያለበት ሳህን አለ። ጃኬቱ ከበሩ ውጭ ተሰቅሏል፤ ለለውዝ አለርጂው የማይለየው መርፌም ከነማሸጊያው ኪሱ ውስጥ ነው።

ሎዌል፣ ዓለም በኑክሌር ጦርነት ከጠፋች በኋላ በሚካሄድ የቪዲዮ ጌም ውስጥ የነቢዩ ሞርዴክ ድምፅ ነበር። ሞርዴክ ከፍርስራሹ የተረፉትን ሰብስቦ ለተሰነጠቀ የኑክሌር ጣቢያ የሚያሰግድ ሐሳዊ ነቢይ ነው። ተጫዋቾች ይጠሉታል፤ ስብከቱን ግን በቃላቸው ይዘውታል።

ሎዌል ሲሞት ከጠባቡ ክፍል መስታወት ወዲህ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ሞርዴክን የጻፈውና ቀረጻውን የሚመራው ብራም ዊትሎክ፣ አዘጋጁ ኮርዊን ሼ እና የድምፅ ባለሙያዋ ኒላ ፓርዲ።

በማግስቱ ላቦራቶሪው ፖሙ ላይ የለውዝ ዘይት መገኘቱን አስታወቀ። ፖሙን የቆረጠችው ኒላ ነበረች።

«ለምንድነው ፖም የሚበላው?» አለች ማርጎ።

«አፍ ሲደርቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። ማይክሮፎኑን ደግሞ ምንም አያመልጠውም። ፖም ያጠፋዋል፤ ሁሉም ከመጀመራቸው በፊት ይበላሉ።» ኒላ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደብቃለች። «የሚያስሩት እኔን ነው፣ አይደል?»

«ቆርጠሽ የት አስቀመጥሽው?»

«ኮሪደሩ ላይ። የማያልፍበት ሰው የለም።»

«ጃኬቱን ለምን አወለቀ?»

«ሲንቀሳቀስ ስለሚንኮሻኮሽ ውጭ ይሰቅሉታል።»

«ሲያፍነውስ ምን አደረጋችሁ?»

«ምንም። የሚተውን መስሎን ዝም ብለን አየን» አለችና ዓይኗን አሸሸች።

ኮርዊንም ዝም ብለን አየን አለ። ሥራው ምሳ ማዘዝና መወቀስ እንደሆነ ነግሯት ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ሲረጋጋ የሚያውቀውን አወራላት። ሎዌል ያደገው የዓለምን ፍጻሜ በሚጠብቁ ሰዎች መካከል ነበር። ታናሽ እህቱ ኤድዊና እዚያው፣ መድኃኒት ተከልክላ ሞታለች። ይህን ለማንም ሳይናገር ኖሮ አንድ ቀን ለብራም ነገረው፤ ብራምም የሰማውን ሁሉ ለሞርዴክ ስብከት አደረገው፤ ተሸለመበትም። በአዲሱ ጌም ላይ የልጅቷ ስም ሳይቀር ገባ። ሎዌል ስሙን አውጣልኝ ብሎ ለመነ፤ እምቢ ሲባል፣ ቅዳሜ በተጫዋቾቹ ስብሰባ ላይ ቃላቱ ከማን እንደተወሰዱ እናገራለሁ አለ።

ብራም ግን ከሎዌል ጋር የነበረን ጠብ ተራ ነበር አለ። የዚያን ቀን ሞርዴክ በጭስ ታፍኖ የሚሞትበት ገጽ ቀድሞ መቀዳቱን ሲጠየቅም አልደነገጠም።

«ሎዌል ራሱ ነው የጠየቀኝ። ጩኸቱን ልገላገለው፣ ከዚያ ስብከቱን በእርጋታ አነባለሁ አለ።»

«ሲጮህስ?»

«ዝም ብለን አየን።»

ከሰዓት በኋላ ማርጎ ሦስቱንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበችና የሎዌልን የመጨረሻ ቅጂ አስከፈተች። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲያቃስት። በላዩ ላይ የብራም ድምፅ መጣ፤ «ግሩም ነው ሎዌል፣ እንዳታቆም፣ ቀጥል…» ከብራም ድምፅ ኋላ ደግሞ ጭብጨባ ነበር።

ማርጎ ቅጂውን አስቆመች። ኮርዊን ወለሉን እያየ ነው።

«ሦስታችሁም ዝም አልን ብላችሁኛል። በሚሞት ሰው ላይ ማጨብጨቡን ማን ይናገራል? ውሸታችሁ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንኛችሁን እንደምጠረጥር ግራ ገብቶኝ ነበር።»

«እኔም አጨብጭቤያለሁ» አለ ብራም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስክሞት አልረሳውም።»

«እንመለስበታለን። ኒላ፣ ጩኸት መቼ ነው የሚቀዳው?»

«ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ። ጉሮሮ ያበላሻል። ከጩኸት በኋላ ሌላ ነገር አይነበብም።»

«ሎዌል ደግሞ ከፊቱ የብዙ ሰዓት ስብከት ነበረው። ይህን ሥራ ዕድሜውን የሠራ ሰው ጩኸቱ ይቅደም አይልም። ጩኸቱ መቅደም የነበረበት ዘይት የተቀባው ፖም መጀመሪያ ስለሚበላ ነው። ሰውየው እውነት ሲታፈን፣ እናንተ መታፈን የምትጠብቁበት ሰዓት መሆን ነበረበት።»

ብራም በዚያ የሚፈረድበት ማስረጃ እንደሌለ ተናገረ። ማርጎ ወደ ኒላ ዞረች።

«የዚህ ክፍል ድምፅ ቅጂው ውስጥ እንዴት ገባ?»

ኒላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዝራር አሳየች። «ይህን ስንጫን ብቻ ነው የእኛ ማይክሮፎን የሚከፈተው። ጣት ሲነሳ ይዘጋል።»

«እንግዲህ ጭብጨባው የተቀዳው የብራም ጣት እስከ መጨረሻው አዝራሩ ላይ ስለነበረ ነው። ሁለት ሰው አጨበጨበ፤ ሦስተኛው አዝራሩን ተጭኖ ቀጥል እያለ ነበር።» ወደ ብራም ጠጋ አለች። «ሁለቱ ያጨበጨቡት ትወና ስለመሰላቸው ነው። አንተ አላጨበጨብክም፤ አጨበጨብኩ ብለህ ግን ዋሸህ። የእነሱን እፍረት ተበድረህ ልትለብሰው ፈለግህ፤ ከራስህ ወንጀል ይሻላልና።»

ብራም ዓይኑን ከአዝራሩ አነሳ።

«ሞርዴክን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ኤድዊናንም?»

ፖሊሶች ብራምን ሲወስዱት ኮርዊን በሩን ያዘላቸው፤ ከዚያ ወጥቶ ቀረ።

«አንቺም መሄድ ትችያለሽ» አለች ማርጎ። «የሚያስርሽ የለም።»

ኒላ አልተነሳችም። «ቅጂው ፍርድ ቤት ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ኮርዊን ትንሽ አጨብጭቦ ተወ። እስኪወድቅ ድረስ ያላቆምኩት እኔ ነኝ።»

ማርጎ የሚያጽናና ቃል ፈለገች። አንድ ሁለት ወደ አፏ መጣ፤ ሁለቱም ውሸት ነበሩ። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።