በሩን የማታልፍ ጀልባ

ሰው ሥራው እንዲያልቅለት ዱዓ ያደርጋል፤ ዐዋጢፍ ግን እንዳያልቅባት ዱዓ ታደርግ ነበር።

መንጌ ተወልዳ፣ አሶሳ ውስጥ ኮሌጅ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ የምታስተምር ልጅ ናት። ሀይደርን ያገኘችው ዝናብ ባባረራቸው ቀን ባጃጅ ውስጥ ነው። እዚያው ኮሌጅ በቅርቡ የተመደበ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የመካኒክ መምህር። ጭኑ ላይ የማራገቢያ ሞተር ታቅፎ ነበር።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አለችው።

«ለክልሉ አውደ ርዕይ ትንሽ ጀልባ። ከሥሯ አየር እየነፋች ውሃም ሜዳም ላይ ተንሳፋ የምትሄድ። አካሏን እኔ እችላለሁ፤ ኤሌክትሮኒክሱን የሚነድፍልኝ ሰው ግን አጣሁ።»

«አገኘህ» አለች። ከአፏ አመለጣት።

ንድፉ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። አንዱ ሞተር ወደ ታች እየነፋ ያነሳታል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋታል፤ ሁለቱንም የጀልባዋ አንጎል የሆነው ማይክሮኮንትሮለር ያዛቸዋል። ሞተሮቹ ሲነሱ ኃይል እንዳይሻሙት ለእሱ የብቻው ባትሪ መደበችለት። በሳምንቱ ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ሰፈረ።

የዚያን ዕለት ሀይደር ወደ ኮምቦልቻ ዝውውር እንደተፈቀደለት ነገራት። ገና እዚህ ሳይመደብ፣ ብቻዋን ለቀረች እናቱ ብሎ የጠየቀው ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደባልቄ «የጀልባዋን ንድፍ አስረክብና መልቀቂያህን እፈርማለሁ» ብለውታል።

ዐዋጢፍ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። «ገና ነው። መብራት ረስቻለሁ።»

ከመብራቱ በኋላ የባትሪ መጠን ማሳያ መጣ። ከዚያ ጡሩምባ፣ ከዚያ ዝናብ የሚለይ ሴንሰር፣ ከዚያም ሁለተኛ ማይክሮኮንትሮለር ከነባትሪው። አንድ ነገር በጨመረች ቁጥር ሀይደር ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ ክርናቸው ይነካካል፤ ማንም ግን ክርኑን አያነሳም።

አንድም ቀን «ጀልባዋ ከበደች» አላላትም። ግድ አልሰጠውም፣ ልቡ ቀድሞት ኮምቦልቻ ገብቷል ብላ አዘነች።

በወሩ ጋሽ ደባልቄ ሀይደር የጀልባዋን አካል ወደሚሠራበት ወርክሾፕ ገቡ። ጀልባዋን አዩ፣ በሩን አዩ።

«ትንሽ የተባለችው ይህች ናት? በየት በኩል ልታወጧት ነው?» አሉና ሳቁ። «ለማንኛውም ንድፉ ነገ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።»

ዐዋጢፍ ያኔ ገና አስተዋለች። የትሪ ያህል የነበረችው ጀልባ ከበሩ ሰፍታለች።

«ለምን አሰፋሃት?»

«አንቺ የጨመርሽውን ሁሉ እንድትችል ነዋ።»

«የጨመርኩት እኮ አያስፈልጋትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሀይደር። «ዝናብ ለማወቅ ቀና ማለት ይበቃል።»

ፊቷ ጋለ። እያወቀ ወር ሙሉ ሲያሰፋ ከርሟል።

«አትሂድ» አለችው። በስንት ወረቀት ስትዞረው የቆየችው ነገር ይኸው ነበር።

ሀይደር መፍቻውን አስቀመጠ። «እናቴንስ ምን ልበላት?»

«ከመንጌ ምራት አገኘሁልሽ በላት። እዚህ ትምጣ፤ ወላሂ እንደ እናቴ ነው የምይዛት።»

ስልኩን አወጣ። ለመስማት አልደፈረችም፤ ወጥታ ማንጎው ሥር ቆመች።

ቆይቶ ሀይደር ስልኩን እንደያዘ ብቅ አለ። ፊቱን ብታየው ምንም አልገባትም።

«ከአንተ አልሰማም አለች» አላት። «ልጅቷ ራሷ ትንገረኝ ትላለች።»

ዐዋጢፍ ወደ ስልኩ እጇን ዘረጋች።