ሳይጠሩኝ ያልኩት አቤት

እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ስልካቸውን አውጥተው መነካካት ከሚጀምሩት ሰዎች ወገን ነበርኩ። እከሌን ወንዝ ዳር ስሙን ጠሩት፣ የእከሊት ቤት ጣሪያ ላይ ድንጋይ ሲዘንብ አደረ፣ ቢቸና ተወልጄ እስካድግ ድረስ ያልሰማሁት የለም፣ አንዱንም ግን አምኜ አላውቅም፣ ሥራዬ ደግሞ የባሰ ከሓዲ አደረገኝ። ሞጣ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፣ ሠርግ እቀርጻለሁ፣ የቀረጽኩትንም ራሴ ቆርጬ አቀናብራለሁ፣ ታዲያ በቅጂ ውስጥ እንግዳ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወይ ገመዱ ላልቶ ነው፣ ወይ አንዱ ስልኩን ማይኩ አጠገብ አስቀምጦ ነው፣ ወይ ደግሞ ጠላ የበዛበት ሰው ማይኩ ላይ ተንፍሶ ነው። ድምፅ ካለ ምንጭ አለው፣ ይህችን እንደ ጸሎት እደግማት ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ሄድፎኖች ነው፣ አትሳቁብኝ። አንዱ ጀርባው የተዘጋ ነው፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ እሱን ካጠለቃችሁ በኋላ ሞጣ የምትባል ከተማ የለችም፣ «ባሕር ዳር! የቀረው አንድ ሰው!» እያለ የሚዋሸው የሚኒባስ ረዳት የለም፣ ባጃጅ የለም፣ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ የለም፣ ያላችሁት እናንተና ቅጂው ብቻ ናችሁ፣ የገዛ ምራቃችሁን ስትውጡ እንኳ ይሰማችኋል። ሌላው ጀርባው ክፍት ነው፣ ከኋላው ወንፊት የመሰለ ነገር አለው፣ ድምፁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ሳይሆን ከክፍሉ፣ ከፊት ለፊታችሁ፣ ከጎናችሁ የሚመጣ ይመስላል፣ አየር አለው፣ ጆሮ አያሞቅም፣ ግን የውጭውን ያስገባል የውስጡን ያስወጣል፣ እናንተ የምትሰሙትን እልልታ አጠገባችሁ የተኛ ሰውም ይሰማዋል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብለው የሚጠይቁኝ የሙያ ጓደኞች አሉ፣ እኔ ምርጫው የጆሮ ሳይሆን የኑሮ ነው እላቸዋለሁ። ያኔ እኔ የዝጉ ሰው ነበርኩ፣ ሚስቴ ደግሞ የክፍቱ ጠበቃ።

ሚስቴ ትዕግሥት የደሴ ልጅ ናት፣ አዋላጅ ነርስ ሆና ሞጣ ተመድባ መጥታ እዚሁ እኔ ላይ የቀረች። ሦስት ዓመት የሆናት ሶስና የምትባል ልጅ አለችን፣ ትዕግሥት ተረኛ በሆነች ቀን ልጅቷን የምይዛት እኔ ነኝ፣ ሥራዬን ቤት አምጥቼ፣ እሷ ከሰዓት በኋላ እንቅልፏን ስትተኛ አልጋው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ እቆርጣለሁ፣ እለጥፋለሁ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ክፍቱን ካደረግሁ እልልታው ይወጣና ሶስና ብድግ ትላለች፣ ዝጉን ካደረግሁ ደግሞ እሷ ብትነሣም ብትወድቅም እኔ አልሰማም።

«ያንን ነገር ስትለብሰው እኮ በቁምህ የሞትክ ነው የምትመስለኝ» ትለኛለች ትዕግሥት፣ «ስጠራህ አትሰማ፣ ስነካህ ትበረግጋለህ፣ ይቤ፣ ልጅ ይዘህ ነው!»

«ክፍቱን ሳደርግ ደግሞ ልጄን ቀሰቀስካት ትያለሽ።»

«እሱም ልክ ነው» ትልና ትስቃለች፣ ጠባችን ሁልጊዜ እንዲሁ መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። አከራያችን አያ ደምለው ግቢው ጥግ ላይ አዲስ የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር፣ ግንቡ ሳይጀመር ዝናቡ ቀደማቸውና በአሮጌ ቆርቆሮ ሸፍነው ዙሪያውን ድንጋይ ጫኑበት። ትዕግሥት ባየችው ቁጥር ሳትናገር አታልፍም።

«አያ ደምለው፣ ይኸ ነገር ልጅ ይበላል፣ እባክዎን ግንድ ይጣልበት።»

«ነገ እረበርብበታለሁ የኔ ልጅ፣ ነገ» ይሏታል፣ ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ፣ ነገ የሚሏት ቀን መምጣት ላይ እምነት ስላላቸው ነው።

ወደ ሠርጉ ልመልሳችሁ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ቢቸና ስትዳር ቀራጩ እኔው ነበርኩ፣ ዘመድ ሲጠራህ እምቢ አይባልም። ዝጉን ሄድፎን አጥልቄ ድምፁን እየተከታተልኩ ቆሜያለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ሙሽሮቹን ይመርቃሉ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ዳሱ ሙሉ «አሜን» ይላል፣ ከዚያ ለትንፋሽ ዝም አሉ፣ እንግዳውም ዝም አለ፣ በዚያች ዝምታ መካከል እኔ ምን ብል ጥሩ ነው፣ «አቤት!» አልኩ። ሄድፎን ያደረገ ሰው ደግሞ ሲናገር እንደሚጮህ ታውቃላችሁ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፣ ሙሽራዋ ቬሎዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ሽማግሌው ራሳቸው ምርቃቱን አቋርጠው «ማን ጠራህ አንተ?» አሉኝ።

እናቴ ደርሳ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አለች ሰው እንዲስቅላት ጮክ ብላ፣ ከዚያ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ሄድፎኑን ገለጥ አድርጋ በሌላ ድምፅ፣ «ሦስት ጊዜ ሳይጠሩህ አቤት እንዳትል ስንት ጊዜ ነው የነገርኩህ?» አለችኝ። እኛ ዘንድ ጠሪውን ካላያችሁ በአንደኛው አይመለስም፣ በሁለተኛውም አይመለስም፣ ሰው ያልሆነ ነገር ሦስተኛ አይጣራም ይባላል፣ እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም።

«የተጠራሁ መስሎኝ ነው እማዬ።»

«መስሎህ ነዋ ነገሩ!»

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ የተጠራሁ አልመሰለኝም ነበር፣ ምንም የሰማሁት ነገር አልነበረም፣ አፌ ብቻውን ነው አቤት ያለው። ድካም ነው ብዬ ተውኩት፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን መጣን። ሰኔ ገብቷል፣ ጠዋት የወረደው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፣ ትዕግሥት ጤና ጣቢያ ናት፣ ሶስና ምሳዋን በልታ እንቅልፍ ወስዷታል፣ በሩን ቀርቅሬ፣ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ዝጉን አጥልቄ የቢቸናውን ሠርግ እቆርጣለሁ። ምርቃቱ ጋ ስደርስ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፣ ያቺን አቤት ቆርጬ ልጥላት ነው፣ ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ እንዳይኖር። ሽማግሌው «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ፣ ዳሱ «አሜን» አለ፣ ከዚያ ዝምታው መጣ፣ በዝምታው ውስጥ ስሜን፣ «ይበልጣል!» የሚል ጥሪ ሰማሁ፣ ወዲያው የራሴ ድምፅ «አቤት!» አለ።

እመኑኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ለካስ ተጠርቼ ኖሯል! እማዬ ትምጣና ትስማ አልኩ፣ ማን እንደጠራኝ ለመለየት ወደ ኋላ መለስኩት። አሜን፣ ዝምታ፣ አቤት። ጥሪ የለም። አሁንም መለስኩት፣ የለም። ስክሪኑ ላይ የድምፁን መስመር አጉልቼ አየሁት፣ አሜኑ ተራራ ሆኖ ቆሟል፣ አቤቷ ኮረብታ ሆና ቆማለች፣ በመካከላቸው ያለው ሜዳ ነው። ድምፁ የወንድ ነው የሴት ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ የማውቀው ሙሉ ስሜን መጥራቱን ነው፣ ትዕግሥት ይቤ ትለኛለች፣ እናቴ ይበልጤ ትለኛለች፣ ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ የቀበሌ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ነው ሌላ ነገር ትዝ ያለኝ። በዝጉ ሄድፎን ድምፅ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚሰማው፣ ይህን ከእጄ መዳፍ በላይ አውቀዋለሁ፣ ያ ጥሪ ግን ከኋላዬ ነው የመጣው፣ ከበሩ በኩል፣ ልክ በክፍቱ እንደሚሰማው። ከውጭ ሰው መጥቶ ይሆናል ብዬ ሄድፎኑን አውልቄ ዞርኩ።

አልጋው ባዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። መቀርቀሪያውን አንሥታ መክፈት እንደምትችል እስከዚያች ቀን ድረስ አናውቅም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ ይህኛው እውነተኛ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከግቢው ጥግ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፣ ያለ ጫማ ነበርኩ። ልጄ ቆርቆሮው መካከል ላይ ቆማ ትዘላለች፣ በዘለለች ቁጥር ቆርቆሮው ወደ ታች ይጎብጥና ይመለሳል፣ ከጫፉ ሥር ያለውን አፈር ጠዋት ዝናቡ ሸርሽሮታል፣ አንዱ ድንጋይ ወደ ውስጥ ሊገባ ዘንበል ብሏል።

«አባዬ፣ ከበሮ!» አለችኝ ደስ ብሏት።

ነይ ብላት ትሮጣለች፣ ብትሮጥ ቆርቆሮው ይገለበጣል፣ ስለዚህ ምንም አላልኩም። ጭቃው ላይ በደረቴ ተኝቼ እጄን ዘረጋሁ፣ ጨዋታ መሰላትና ሳቀች፣ ቀሚሷን ያዝኩ፣ ጎተትኳት፣ እላዬ ላይ ስትወድቅና ድንጋዩ ከነቆርቆሮው ሲሰምጥ አንድ ሆነ። ታች ውኃው ጧ ሲል ሰማሁት። ያንን ድምፅ አልረሳውም። እሷ ግን ከበሮዬን ሰበርክብኝ ብላ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ደግሞ እስቃለሁ፣ አፍንጫዋን እስማለሁ፣ ጭቃዋን እስማለሁ፣ ዓለም ሁሉ በዚያች ሰዓት ተመልሶ የተሰጠኝ መሰለኝ። አያ ደምለው «ማርያም ድረሺ!» እያሉ ወጥተው ጉድጓዱን ሲያዩ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያን ዕለት ሳይመሽ ሰው ጠርተው አስደፈኑት፣ ነገ አላሉም።

ትዕግሥት ማታ መጥታ ስትሰማ መጀመሪያ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ልጅቷን አቀፈቻት፣ ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«የትኛውን አድርገህ ነበር?»

«ዝጉን።»

«ታዲያ እንዴት ሰማህ?»

ስለ ጥሪው ነገርኳት። የቆርቆሮው ድምፅ ሾልኮ ገብቶ ይሆናል አለችኝ፣ እኔም እንደሱ እንዲሆን ፈልጌ በማግሥቱ ሞከርነው፣ እኔ ሄድፎኑን አጥልቄ ያንኑ ቅጂ ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ አያ ደምለው የተረፈ ቆርቆሮ እዚያው ቦታ ላይ አጋድመው በዱላ ወረዱበት። ጎረቤቱ ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ወጥቷል፣ እኔ አልሰማሁም። ትዕግሥት ከኋላዬ ቆማ «ይበልጣል!» ብላ ጮኸች፣ እሱንም አልሰማሁም።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከዚያ፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ሠርጉ ላይ አጠገቤ ነበርሽ፣ እውነት ማንም አልጠራኝም?» አልኳት።

«ማንም።»

መስመሩ ቆራረጠና ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ይበልጤ፣ ያን ቀን ቆንጥጬህ ነበር አይደል? ይቅር በለኝ። ለአንዳንዱ ጥሪ ገና ሳይመጣ አቤት ማለት ያስፈልግ ይሆናል። አሁን ሂድና ልጄን ሳምልኝ።»

እንግዲህ ይኸው ነው። አቤቷን ከቪዲዮው አልቆረጥኳትም፣ ሙሽሮቹ እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ አቁመው ይስቁብኛል አሉ፣ ይሳቁ፣ ልጄ በሕይወት አለች። ዝጉ ሄድፎን ፎቶ ቤት ውስጥ ቀርቷል፣ ቤት ውስጥ የክፍቱ ሰው ሆኛለሁ፣ ሶስና በሰው እልልታ እየባነነች ትነጫነጫለች፣ ትዕግሥትም ቀሰቀስካት ማለቷን ትታለች። በአሜኑና በአቤቷ መካከል ያለውን ያንን ዝምታ ብቻ በክፍቱ ሰምቼው አላውቅም። ለምን ብትሉኝ፣ ጥሪ ቢመጣ በክፍቱ ከቅጂው ይሁን ከክፍሉ መለየት አይቻልማ።

አንድ ነገር ግን ልጨምርላችሁ፣ ትናንት የሆነ ነው። አመሻሽ ላይ ትዕግሥት ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እኔ ባትሪዎቼን እሞላለሁ፣ ሶስና ጠረጴዛው ሥር በቡሽ ትጫወታለች። ድንገት ጨዋታዋን አቆመችና ወደ በሩ ዞር ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ «አቤት!» አለች።

«ጠራሃት እንዴ?» አለችኝ ትዕግሥት።

«አልጠራኋትም። አንቺስ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ሶስና ወደ ቡሿ ተመልሳለች፣ ማን ጠራሽ ብንላትም ማንከባለሏን ቀጠለች። ትዕግሥት ተነሥታ በሩን ዘጋችው፣ እኔ ግን ጥሪው ሲመጣ እንዲሰማን ብዬ ተነሥቼ መልሼ ከፈትኩት።