በራይን ወንዝ ዳር የተበላው እራት

ወንድሜን ሹሜን ከመቃብር ቦታው አጥር ሥር፣ ከሰው ሁሉ ለይተው ሲቀብሩት የእኔን ቃል የጠየቀ አልነበረም። «ራሱን ወንዝ ውስጥ ጥሏል» አሉ፤ በቃ፣ አለቀ። «ወንድሜ እንዲህ አያደርግም» ብላቸው «አይዞዎት እማማ፣ ሐዘን ነው» ብለው ውኃ በብርጭቆ ሰጡኝ። ውኃ መች ጠማኝ!

ንቀቱ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። በፈረንጆቹ 1986 በጋ ባዝል በምትባል የስዊስ ከተማ ያሉ አይሁዶች እስራኤል ከገባነው፣ ከእኛ ከፔታ ቲክቫ ከተማ ቤተ እስራኤሎች አራት ሰው ጋበዙ። እኔም ልሂድ ብል «ፋንትነሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ትጠፋለች» ተባልኩ። ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሬ ስሄድ ያልጠፋሁትን ሴትዮ! እኔን አስቀርተው ሄዱ፤ የጠፋው ግን ከእነሱ መሃል ነው።

የሄዱት እነዚህ ናቸው፦ ወንድሜ ሹሜ፤ በሱዳን መንገድ የመራን ካሳው፣ ጾምና ጸሎት የማይለየው ሰው፤ ሸክላ ሠሪዋ ይሻሽ፤ ዕብራይስጥ የሚያውቀው፣ ካሜራ ያንጠለጠለው ተማሪ ታረቀ። ሦስቱ በእግራቸው ተመለሱ፤ ሹሜ በሳጥን።

ሰባቱን ቀን ለቅሶ ጨርሼ ታረቀን አስጠራሁት። ፎቶዎቹን በፖስታ ይዞ ክፋር አቭራሃም ሰፈር ካለው ቤቴ መጣ።

«እንደ ቀኑ ደርድርልኝ» አልኩት።

«እማ ፋንትነሽ፣ ለምን ራስዎን ያስጨንቃሉ?»

«ደርድር አልኩህ!»

«በሰደር፣ በሰደር፤ እሺ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

ሹሜ የጠፋው ሰኞ ነው። አስተናጋጁ ያነሣው የሰኞ ምሳ ፎቶ ላይ አራቱም ከወንዙ ዳር፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ዓሣ ይበላሉ። የካሳው እጅ ከይሻሽ ሳህን ውስጥ ገብቷል። ሹሜ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር በወረቀት ይጠቀልላል።

«ምንድን ነው የሚጠቀልለው?»

«ከዓሣው ለእራቱ ሲያስቀር ነው። 'እንዲህ ያለ ዓሣ ለድመት አይተውም' ብሎ በአስተናጋጁ ፊት አሳፈረን።»

ሊሞት የቆረጠ ሰው ለእራቱ ዓሣ አይቋጥርም። ይህን በልቤ ያዝኩና «ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያ ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ልናይ ሄድን። ቀይ ድንጋይ ነው፤ ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ያያል። ከጀርባው ሰገነት አለ፤ ከሰገነቱ ደግሞ ደረጃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እዚያ ሞተር የሌላት ጀልባ በገመድ ተይዛ ሰው ታሻግራለች። እኔ ማማው ላይ ወጣሁ። ይሻሽ ከፊት በኩል አደባባዩ ላይ ቀረች። አያ ካሳው በጀልባዋ ተሻገርኩ ብሏል። ጋሽ ሹሜ ሰገነቱ ላይ ነበር። ዝናብ ጣለና ሰው ሁሉ ሸሸ። ስወርድ ጋሽ ሹሜ የለም። ወደ ማረፊያችን ተመልሷል ብለን ከዚያው ከወንዙ ዳር ወደተጠራንበት እራት ሄድን። ሌሊቱን ሳይመጣ ሲቀር አመለከትን፤ በነጋታው ፖሊሶች ጫማውን ደረጃው ሥር አገኙት፤ ሬሳውን ደግሞ ዓርብ ዕለት፣ ከታች ከወንዙ።»

«ሬሳውን ማን ነካው?»

«ከእኛ ማንም። እኔ ብቻ ሄጄ ከመስተዋት ማዶ ሆኜ አየሁት።»

«ከወንድሜ ጋር ተጣልተህ ነበር ይባላል።»

ፊቱ ደም መሰለ። «ቤተ ክርስቲያን ምን አስገባህ ብሎ ተቆጣኝ፤ እሱን ነው። እዚህ ግን ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየኝ፣ እማ። እናቴ እንኳ ምን አድርገህ ነው ብላ ጠየቀችኝ።»

ዓይኔ የሰኞ እራት ፎቶ ላይ ነበር። ይሻሽ ከጋባዦቹ ጋር ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ካሳው ግን እዚያ በሩ ጥግ፣ ለብቻው፣ የወረቀት ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ይታያል።

«ይህስ ምን ሆኖ በር ላይ ይበላል?»

«ሆዴን አመመኝ ብሎ።»

«ሆዱን ያመመው ሰው ሳህን እንዲህ ይሞላል? የት ነበር የሚተኛው?»

«አንድ ክፍል ነበርን። ከዚያች ማታ ጀምሮ ግን ሙቀት ነው እያለ በረንዳው ላይ ወጣ።»

ሌሎቹን ፎቶዎች አገላበጥኩ። በአንዱ ካሳው ወንዙ ውስጥ እስከ አንገቱ ቆሟል፤ ከነሸሚዙ። የከተማው ሰው በበጋ ወንዙ ላይ ይንሳፈፋል አለኝ ታረቀ፤ ፎቶ ያነሣው ግን ካሳው ከነልብሱ ሲገባ ገርሞት ነው።

«መቼ ነው ይህ?»

«ረቡዕ።»

«ሌላስ ጊዜ ገብቷል?»

አሰበ። «እሑድ። በማግስቱ ተመለስን።»

ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ይህን ለመቁጠር ፊደል አያስፈልግም።

ይሻሽን ከቤቷ ደጅ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«አንቺ ይሻሽ፣ የወር አበባሽ በመጣ ቁጥር በመርገም ጎጆ ለብቻሽ የተቀመጥሽ ሴት ነሽ። ለብቻ መብላት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያን የወረቀት ሳህን ካሳው ምን አደረገው?»

አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችና ከጀርባው ቆመች፤ ፊቷን እንዳላይ።

«ክብሪት ለምኖ ውጭ አቃጠለው።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«እትዬ፣ በሱዳን መንገድ እግሬ ተሰብሮ ሦስት ቀን በጀርባው አዝሎኛል። ያዘለኝን ሰው ምን ብዬ…» ታለቅስ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቤቴ ሰበሰብኩ፤ ካሳውን፣ ይሻሽን፣ ታረቀን። ወንድሜን አጥር ሥር ያስቀበረውን የቀብር ቢሮውን ሰው ሞሼንም ጠርቼ ታረቀ እንዲተረጉምለት አዘዝኩ። ሞሼ ሰዓቱን ያያል። ካሳው ጋቢውን ተከናንቦ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

«አያ ካሳው፣ ሬሳ የነካ ሰው በአገራችን ምን ነበር የሚያደርገው?»

«ይህን ሕፃንም ያውቀዋል» አለ።

«ሞሼ አያውቀውም፤ ንገረው።»

«…ሰባት ቀን ይለያል።»

«ከሰው ጋር ይበላል?»

«አይበላም።»

«ቤት ይገባል?»

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። እኔ ቀጠልኩ። «በሰው ዕቃ አይበላም፤ ከሰው ጋር አይተኛም፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ከነልብሱ ውኃ ይገባል። እዚህ አገር ስንመጣ ተዉት አሉን፤ ልጆቹም ረሱት። ለዚህ ነው ታረቀ ዓይቶ ያላየው። አሁን ስሙኝ። ሹሜ የጠፋው ሰኞ ነው። ሰኞ ምሳ ካሳው ከይሻሽ ሳህን ይቆርሳል። ሰኞ እራት ለብቻው በር ላይ ነው። በመሃል ምን ነካ?»

«ሆዴን…» አለ ካሳው።

«ቆይ! ከሰኞ ሦስተኛው ቀን ረቡዕ፤ ውኃ ገባህ። ሰባተኛው እሑድ፤ ደግመህ ገባህ። የወንድሜ ሬሳ የተገኘው ዓርብ ነው፤ ያን ጊዜም አንተ ዝር አላልክም። ሹሜ መሞቱን ማንም ከማወቁ በፊት የነካኸው ሬሳ የማን ነው? ታረቀ ከሰው ጋር በላ፣ አልጋው ላይ ተኛ። ይሻሽም እንዲሁ። አንተ ግን ሰውን ስታታልል እግዜርን ፈራህ።»

የታረቀ ድምፅ ትርጉሙ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሞሼ ሰዓቱን ማየት ተወ።

ካሳው ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቀኝ፣ ፋንትነሽ። 'ልጄን እንጉዳይን የት ቀበርካት?' እያለ። በጸሎት ቀብሬያታለሁ እለው ነበር። ያን ቀን ሰገነቱ ላይ ደግሞ ጠየቀኝ። ሰለቸኝ መዋሸት። አልቀበርኳትም አልኩት። በሱዳኑ መንገድ ሽፍታ ከኋላችን ነበር፤ አርባ ነፍስ ይዣለሁ፤ ልጅቱ መራመድ አቅቷታል። ስተዋት ትተነፍስ ነበር።»

እንጉዳይን ጡት ከተወች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

«ጉሮሮዬን ያዘኝ። ገፋሁት። ደረጃው ድንጋይ ነው፣ ዝናቡ አርሶታል። ወርጄ ሳነሣው አንገቱ ተሰብሯል። ጫማውን አወለቅሁና… ወንዙ ወሰደው።»

«ጫማውንስ ለምን አወለቅህ?»

«ራሱን ጣለ እንዲሉ።»

«አሉልህ። ከአጥር ሥርም ቀበሩልህ። ይህ ልጅ ደግሞ እናቱ ሳትቀር በዓይኗ ስትገርፈው ዝም ብለህ አየህ!»

ይሻሽ ተነሥታ ከታረቀ አጠገብ ተቀመጠች። ካሳው «ፖሊስ ዘንድ በራሴ እግር እሄዳለሁ» አለ፤ ማንም በቃ አላለውም፣ ማንም ቁጭ በል አላለውም።

ሞሼ ጉሮሮውን ጠራረገና በዕብራይስጥ ረጅም ነገር ተናገረ። ታረቀ አሳጠረው፦ «አዝናለሁ ይላል። ለቢሮው ደብዳቤ ይጽፋል። መልሱ ከበዓሉ በኋላ ይመጣል።»

ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«እንዲህ በለው። ከአጥር ሥር ስትጥሉት ደብዳቤ ሲጻፍ አላየሁም፤ አንድ ቃል በቅቷችሁ ነበር። ዛሬ ሌላ ቃል በጆሮህ ሰማህ። ነገ ጧት ለጸሎቱ የሚቆሙ አሥር ወንዶችህንና አካፋህን ይዘህ ና፤ እኔ መቃብሩ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ወንድሜን ከአጥሩ ሥር አንሣና ከሰው መሃል አስገባልኝ!»