ከሰሌዳው የጠፋው ዓረፍተ ነገር

መምህሩ የተገኙት በሚያስተምሩበት ክፍል ውስጥ፣ ከብረት ማሞቂያው ሥር በጎናቸው ወድቀው ነው። ታላቅ እህታቸው አመሻሹ ላይ ከገበያ ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ድካም የጣላቸው መሰላቸው። «ተነሣ እንጂ፣ ወለሉ ይበርዳል» እያሉ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ጎረቤት ሲደርስ ሴትዮዋ የወንድማቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር።

ምርመራው የተሰጣት ጉልበቷን የሚያማት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። ሰው የነገራትን መልሳ ስለምታስነግር ባልደረቦቿ «ድገመው» ይሏታል። ሬሳውንና የተፈነከተውን ራስ አይታ ስታበቃ ክፍሉን ቃኘች። ድሮ ሳሎን የነበረ ነው፤ ጥቂት ወንበሮች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከጓዳው የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጠፍቷል። የማጥፊያው ጨርቅ በቦታው ተቀምጦ ሳለ አጥፊው በመዳፉ ነው የጠረገው። ጠመኔ አንሥታ በዚያው ቦታ ልትጽፍ ሞከረች። ጠመኔው ተንሸራተተ እንጂ አልያዘም። በመሐረቧ ጠረግ ስታደርገው ቅባት አገኘች። የወጥ ቤት ዘይትም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም።

መምህሩ ዘንድ የሚማሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛና አንድ መካኒክ። የመጋዘኑ ሰው ከመጠየቁ በፊት መከላከል ጀመረ። አዎ፣ ከመምህሩ ጋር ተጨቃጭቋል፤ ተቆጥቶም ቀድሞ ወጥቷል። የዕለቱ ትምህርት «ጉዳት» ማለት በሆነ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነበር። በመጋዘኑ የተሰበረውን ዕቃ ሁሉ «ዳሜጅ» ሲሉ ኖረዋል፤ መምህሩ ግን የዚያን ዕለት «ዳሚጅ ነው የሚባለው» ብለው እንደ ሕፃን ልጅ ደጋግመው አስባሉት።

ነርሷ የቀረውን ሞላችው። ሁሉም ቃሉን በዓረፍተ ነገር እንዲያስገባ ታዞ ነበር። የመጋዘኑ ሰው ስለ ካርቶኖች፣ እሷ ስለ ጉበት ጻፉ። መምህሩም የራሳቸውን ጻፉ፤ የጠፋው እሱ ነው። «ጉዳቱን ማቆም ይቻላል፣ ልጅቷ ዛሬውኑ ከታከመች» ማለት ነበር፤ የመጋዘኑ ሰውም ይህንኑ ደገመ። ሲያነቡት ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ይቻላል» የሚለውን የያዘችውን «ካን» የምትል ትንሽ ቃል ከሥሯ አሰመሩባት፤ ቀጥለውም ይህችን የዘለለ አስተርጓሚ የሰው ሕይወት ያበላሻል አሉ። ነርሷ ያን ጊዜ ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። አሁን ይህን ስትናገር አለቀሰች።

መካኒኩ በዕለቱ ከትምህርት ቀርቷል። መርማሪዋ ጋራዡ ድረስ ሄደች። ከሰዓቱን ሙሉ ከጭነት መኪና ሥር እንደነበረ፣ ማንም እንዳላየው፣ ማንንም ተማሪ ከዚያ ወዲህ እንዳላገኘ ነገራት። በወሬው መካከል አንዲት ትንሽ ልጅ አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች ብቅ አለች። አባትየው ንግግሩን አቋርጦ ሮጠና መንገዷ ላይ የነበረውን ባልዲ አነሣ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። መርማሪዋ ስለ ልጅቷ አልጠየቀችውም።

«መኪናው ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ራዲያተሩ ነው። ዳሚጅ ሆኗል።»

«እስቲ ድገመው።»

«ዳሚጅ ሆኗል አልኩዎት።»

ከጎኑ ጎማ የሚፈታው ባልደረባው «ዳሜጅ» ብሎ ከሥር ተቀበለው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁሉንም ያቺው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መካኒኩ ከእናቱና ከልጁ ጋር መጣ፤ እነሱ ከፊት ለፊቱ በር ውጪ ተቀምጠው ቀሩ። መርማሪዋ ከእህትየው ጀመረች።

«እትዬ፣ የወጥ ቤት ዘይት ብዬ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር። ግን እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንዱን መርጠው አያጠፉም።» ወደ ሁለቱ ተማሪዎች ዞረች። «እናንተ ደግሞ የጠፋውን ቃል በቃል ነገራችሁኝ። ያጠፋችሁት እናንተ ብትሆኑ ትደብቁት ነበር። መካኒኩ ግን ቀርቻለሁ እያለ፣ መምህሩ የዚያን ዕለት ብቻ ያረሙትን አነጋገር አፉ ላይ ይዞት አገኘሁት። ከጓደኛው አልሰማውም፤ ጓደኛው የድሮውን ነው የሚለው። ከእናንተም አልሰማም። እንግዲህ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነበረ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቅባትም የጋራዥ ነው።»

መካኒኩ አልካደም። ዘግይቶ መጥቶ በሩ ተዘግቶ አገኘው፤ ላለመረበሽ በጓሮ ዞሮ ጓዳ ውስጥ ሊጠብቅ ተቀመጠ። ልጁን ለጥቂት ቀን የመጣ የውጭ አገር የዓይን ሐኪም ሲያያት ያስተረጎሙት መምህሩ ነበሩ። «ጉዳቱ ቆሟል፣ ይዘሃት ቤትህ ግባ» አሉት፤ እሱም ደስ ብሎት ይዟት ገባ። ዓይኗ ሲጠፋ የሐኪሙ ድምፅ በጆሮው ቀርቶ ነበር፤ ትርጉሙን ብቻ ነበር የማያውቀው። ለትምህርቱ የተመዘገበውም ያንን ለማወቅ ነው። መምህሩ ግን በዚያን ዕለት ካስተረጎሙለት ሕመምተኛ ብዛት የተነሣ መልኩን አላስታወሱትም።

«በግድግዳው ውስጥ ሰማሁት» አለ። «ሐኪሙ ያለውን፣ ራሱን። ሰው ሲወጣ ገብቼ ያቺ ልጅ የኔ ናት አልኳቸው። እሳቸውም ስንት ቦታ ፈለግኩህ ብለው እግሬ ላይ ወደቁ። ልቀቁኝ ብዬ ገፋኋቸው። መግደል አላሰብኩም። ግን ማሞቂያው ሲመታቸው... አላነሣኋቸውም። ቆሜ አየኋቸው። ዓረፍተ ነገሩን ግን ማየት አልቻልኩም፤ በመዳፌ ጠረግኩት።»

እህትየው ወንድማቸው ስሕተቱ የገባው ማታውኑ እንደነበር፣ ሐኪሞቹ ግን ቀድመው ከከተማው ወጥተው እንደነበር፣ የልጅቷን ቤት ፍለጋ በየሰፈሩ ሲንከራተት መክረሙን ተናገሩ። ይህን ሲሉ መካኒኩን አላዩትም።

እሱ ነርሷን ነበር የሚያየው። «እህቴ፣ የዚያኑ ዕለት ባሳክማት ታይ ነበር?»

እህትየው ራሳቸውን እየነቀነቁ ለመኗት፣ እንዳትነግረው። ነርሷ ግን ወደ እሱ ዞረች።

«አዎ ወንድሜ» አለችው። «ታይ ነበር።»

መካኒኩ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መርማሪዋ ጉልበቷን እያመማት አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ሲነሣ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ በጓሮ በኩል እንዲያወጡት። «ኮቴዬን ታውቃለች» አላት።

ጫማውን አውልቆ በታሰሩት እጆቹ ያዘ። በአጥሩ ጥግ ሲያልፉ ልጅቷ ከአያቷ ጭን ቀና ብላ ፊቷን ወደ እነሱ አዞረች። «አባባ?» አለች። ካልሲው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ መኪናው ድረስ ሄደ።