ምዕራፍ ሰባት

«ጀለሴ» የተባለው ቃል፣ የወይዘሮ ናግላን አምስት ልብ ወለዶች በታማኝነት ካገለገለ በኋላ፣ ዛሬ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ እስክንድርያ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ወጥ ቤት አርፏል። መሞቱን በቀይ እስክሪብቶ ፈርሞ ያረጋገጠው የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ሃዚም ነው።

«ማማ፣ አሁን እንደሱ የሚሉት አስተማሪዎች ብቻ ናቸው።»

ናግላ ለወጥ የሚሆነውን የሞሎኪያ ቅጠል መቀንጠሷን ሳታቆም «ቅበረው» አለች።

ሥራቸው እንዲህ ነው። እሷ ለታዳጊዎች ትጽፋለች፣ እሱ ደግሞ ታዳጊ ነው። ታነብለታለች፤ ልጅ የማይናገረውን ነገር ሲሰማ ይሰርዛል፣ ለምን እንደሰረዘም ይነግራታል። ያለፉት ሁለት መጽሐፎቿ አልተሸጡም። አሳታሚዋም ይሄኛውም ካልተሸጠ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ብትሞክር እንደሚሻላት በታላቅ ትህትና መክሯታል።

«አሁን ምዕራፍ ሰባትን ስማ» አለችና እጇን በፎጣ ጠረገች። ለሌሎቹ ምዕራፎች እጇን ጠርጋ አታውቅም።

የምዕራፉ ልጅ ለክፍሉ ልጆች «አባቴ ኩዌት ኢንጂነር ነው» እያለ ይኖራል። አንድ ዓርብ ከጓደኞቹ ጋር በባሕሩ ዳር ሲሄድ፣ በቆሎ የሚጠብስ ሰውዬ ጋሪውን እየገፋ ፊት ለፊት ይመጣል። አባቱ ነው። ልጁ ፊቱን ያዞራል። አባትየው ያየዋል፤ «በቆሎ፣ በቆሎ» ማለቱን ያቆምና ጋሪውን አዙሮ፣ በመኪኖቹ መሀል አቋርጦ ማዶ ይሻገራል።

ሃዚም ከወረቀቱ ቀና አለ። እናቱ እንዲህ ያለ ነገር ጽፋ አታውቅም። ታሪኩ ደግሞ የክፍል ጓደኛው የታመር ነው። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታመር አባት የሚሸጡት ስኳር ድንች ነው። ታመር ባለፈው ክረምት ከባሕሩ ግንብ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነበር የነገረው። ሃዚም ብቻውን መያዝ ከብዶት እራት ላይ ለእናቱ ተናገረ። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሏት ነበር።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከየትም። ባሚያ ስቆርጥ ራሱ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር እኮ።»

አልዋሸችም፤ ዓይኗ ያበራል። ከእሱ መስማቷን ረስታለች።

«ሐሙስ ትምህርት ቤታችሁ ስመጣ የማነበው እሱን ነው» አለች።

የሃዚም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ከታመር የድምፅ መልእክት ነው። ከፈተው።

«አንተ፣ እናትህ ሐሙስ ልትመጣ ነው አሉ። አምስቱንም መጽሐፎች ይዤ ፊት ወንበር ነኝ። ሁለቱ መንገድ ላይ የሚሸጡ ኮፒዎች ስለሆኑ እንዳትነግራት። ደሞ አንድ ቀን እኔንም መጽሐፍ ውስጥ ታስገባኝ በላት። ቁመት ትጨምርልኝ።»

ናግላ ሳቀች። «ምን የሚጻፍ ነገር አለውና? አርፎ የሚማር ልጅ።»

ሃዚም ሳይስቅ ቀረ። እውነቱን ቢነግራት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ያማረላት ምዕራፍ የእሷ አለመሆኑን ታውቃለች። ዝም ቢል፣ ታመር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በክፍሉ ልጆች ሁሉ መሀል የአባቱን ጋሪ ይሰማል። ወረቀቶቹን ሳብ አደረገ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እስከ መጨረሻው፣ ገጽ በገጽ፣ በቀይ ሰረዘ።

«ምን እያደረግህ ነው? ቃላቱ ናቸው ያላማሩህ?»

«ሙሉው ነው።»

«ስታዳምጥ ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር፣ አይቼሃለሁ።»

«ሽንኩርት ነው።»

«ምን ሽንኩርት? ይሄ ሞሎኪያ ነው።»

ናግላ የተሰረዙትን ገጾች አንድ በአንድ ገለጠቻቸው፤ ከዚያ አጥፋ ከዳቦው ሣጥን ሥር ወሸቀቻቸው።

«እሺ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ሐሙስ ምዕራፍ ሁለትን አነባለሁ። ግን ሕጋችንን ታውቃለህ። የሰረዘ ያስረዳል።»

ሃዚም እስክሪብቶውን ከድኖ ፊቷ አስቀመጠው።

«ይሄን አላስረዳም።»