የሂክማ ፊሽካና ትንንሾቹ እናቶች

ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ቀይ ፊሽካ ልንገራችሁ።

ፊሽካዋ የሂክማ ናት። ሂክማ አምስት ዓመቷ ነው።

«ፊፊፊት! ፊፊፊት!»

«ኧረ ጆሮዬን!» ትላለች እናቷ ዘምዘም።

አንድ ቀን ሂክማ አሳላት። እህ! እህ! ደረቷም ሲር! ሲር! አለ።

«ወይኔ፣ ብርድ መትቷት ነው!» ዘምዘም መስኮቱን ጥርቅም አደረገችው። ኮፍያ አጠለቀችላት፤ ጋቢ ደረበችላት፤ ከሰል አቀጣጥላ አጠገቧ አስቀመጠች።

ቤቱ ሞቀ። ጭሱ ግን መውጫ አጣ።

ሲር! ሲር! የሂክማ ደረት ጭራሽ ባሰበት።

ሂክማ ፊሽካዋን አነሳችና ነፋች። «ፍ...» ፊሽካዋ ዝም አለች።

«እማዬ፣ ፊሽካዬ ተበላሸች?»

ዘምዘም ልጇን አዘለችና ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች።

ሂክማ ጀርባዋ ላይ ሆና የእናቷን ልብ ሰማች። ድው! ድው! ድው!

ነርሷ ሲስተር ወይንሸት የሂክማን ደረት አዳመጠች። «ሳንባዋ ታሟል፤ ጭሱ ደግሞ አስቆጥቶታል» አለች።

«እኔ ነኝ! እኔው ነኝ ያጨስኩባት!» ዘምዘም አለቀሰች።

«አይዞሽ የኔ እህት፤ በጊዜ አመጣሻት።» ሲስተር አየርና መድኃኒት የሚሰጥ ጭምብል ለሂክማ አደረገችላት። ሽሽሽሽ...

«ሂክሙዬ፣ ደረትሽ ውስጥ እነማን እንዳሉ ታውቂያለሽ? በዓይን የማይታዩ ትንንሽ እናቶች!»

ሂክማ ዓይኗን አፈጠጠች።

«እናት ሕዋሳት ይባላሉ። ሳንባ ሲቆስል አዳዲስ ልጆች ወልደው ቁስሉን ይደፍናሉ። ሳንባን የሚጠብቅ ፕሮቲንም ያንጠባጥባሉ። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ያን ጊዜ የተቆጣው ሳንባ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይረጋጋል።»

«እነሱም 'ኮፍያሽን አድርጊ!' ይላሉ?»

ሲስተር ሳቋ አመለጣት። «አይሉም! እነሱ የሚፈልጉት ንጹሕ አየር፣ መድኃኒትና እንቅልፍ ነው።»

ሂክማ እዚያው ሐኪም ቤት ተኛች። ዘምዘም ግን አልተኛችም፤ እየደጋገመች ጆሮዋን የልጇ ደረት ላይ ትለጥፋለች።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ይሠራሉ ትንንሾቹ እናቶች።

በመጀመሪያው ቀን፦ ሲር! ሲር!

በሁለተኛው ቀን፦ ሲር...

በሦስተኛው ቀን ሂክማ «እማዬ፣ ራበኝ!» አለች።

«ራበኝ አለች! ሲስተር፣ ልጄ ራበኝ አለች!» ዘምዘም ኮሪደሩ ላይ እየዘለለች ተናገረች።

ሲስተር አሰናብታቸው ቤት ሲደርሱ የዘምዘም እጅ ወዲያው ወደ መስኮቱ ሄደ።

«እማዬ! እናቶቹ አየር ይፈልጋሉ!»

ዘምዘም መስኮቱን አየች። ሂክማን አየች። «ብርዱስ?»

«ኮፍያዬን አደርጋለሁ።»

እሺ! መስኮቱ ክፍት፤ ኮፍያው ጭንቅላት ላይ። ከሰሉም ከቤት ወጣ።

ሂክማ ፊሽካዋን ከትራሷ ሥር አወጣች። ደረቷን ነፋች...

«ፊፊፊፊፊፊት!»

የጎረቤት ዶሮ ደንግጣ በረረች። ዘምዘም ጆሮዋን ልትይዝ እጇን አነሳች፤ ግን አልያዘችም።

«ድገሚልኝ፣ የኔ ልጅ» አለች።

«ፊፊፊፊፊፊት!»

ማታ ዘምዘም ጆሮዋን የሂክማ ደረት ላይ አደረገች። ሲር የለም። እህ የለም። እፎይ! ሦስት ቀን ያልተከደነው ዓይኗ እዚያው ክድን አለ።

ሂክማ ኮፍያዋን አወለቀችና ቀስ አድርጋ እናቷ ጭንቅላት ላይ አጠለቀችላት።

«ብርድ እንዳይመታሽ፣ እማዬ» አለቻት። ከዚያ እሷም ተኛች።